«ጥይት!» ለሚሉ የግጥም ወዳጆች

ግጥም በሚነበብባቸው መድረኮች ከአዳራሹ ተደጋግሞ የሚወረወር አንድ ሙገሳ አለ፤ «ጥይት!» የሚል፡፡ ግጥሙ ጥይት ነው፤ ገጣሚዋ ጥይት ናት፡፡ እኔ ግን ይህ ቃል ለግጥም ሙገሳ ሊሆን አይገባውም ባይ ነኝ፡፡

እንግሊዝኛ «ቡሌት» ቢል ምክንያት አለው፡፡ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ትንሽ ኳስ ነው፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ከዝርዝር ፊት የምንደረድረውን ክብ ነጥብም በዚሁ ስም እንጠራዋለን፤ ማንም አይደማበትም፡፡ አማርኛ ግን የጥይትን ነገር የሚናገረው ከማዕድና ከደብተር ጋር በሚጋራቸው ቃላት ነው፡፡ ጠመንጃ ይጎርሳል፤ ጥይት ያጎርሱታል፡፡ ግንቦት 1 ቀን እዚህ ልደታ ማርያም ጎረቤት ከጎረቤቱ ንፍሮ ሲጎራረስ ግሡ ያው ነው፡፡ ከአፈ ሙዝ የሚወጣው እርሳስም ሕፃን ፊደል ከሚጽፍበት እርሳስ ጋር ሞክሼ ነው፡፡ እነዚህን ቃላት ልብ ብሎ ለሚሰማ፣ ጠመንጃ በጎረሰ ቁጥር ከአንድ ማዕድ አንድ ጎራሽ እንደሚጎድል ይነግሩታል፡፡

የባንክ ሠራተኛ ነኝና በሒሳብም ልናገር፡፡ በአፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከጠገራ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ መገበያያ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጥይት ግን አንዴ ከተተኮሰ የሚቀረው ቀለሁ ነው፡፡ ጥሩ ግጥም የሚመስለው ብሩን ነው፤ ሺህ አንባቢ ቢመነዝረው አያልቅም፡፡ ግጥምን ጥይት ማለት እንግዲህ አንዴ ጮኾ ያለቀ ነገር ማለት አይደለምን?

«የፉከራና የቀረርቶ ልጆች ሆነን ይህ ምን ያስከፋል?» የሚለኝ ይኖራል፡፡ ፎካሪው ግን ጥይትን ሲጠራ እርሱም ጥይት ፊት ሊቆም ነበር፤ የቃሉን ዋጋ በራሱ ደም ይከፍል ነበር፡፡ እኛስ? በ2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆም፣ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ፡፡ ልጇን ለጥይት የገበረች እናት ከአጠገባችን ተቀምጣ ብትሆን «ጥይት!» ብለን እናጨበጭብ ነበርን?

ሙገሳ አልጠፋብንም፡፡ «አንጀት ያርሳል» አለ፤ «ወርቁ ጥልቅ ነው» አለ፡፡ በቅኔ ቤት ደግሞ ጥሩ ቅኔ ሲሰማ «ይበል!» ይባላል፡፡ ይበል ማለት ይቀጥል ማለት ነው፤ ጥይት ግን ተናጋሪን ያስቆማል እንጂ አያስቀጥልም፡፡ ከሁለቱ የትኛው ለግጥም እንደሚገባ ፍርዱን ለእናንተ ትቼ፣ በራሴ ስንኝ ልሰናበት፤

እርሳስ ለጠመንጃ፣ እርሳስ ለተማሪ፤
አንዱ ስም ፋቂ ነው፣ አንዱ ስም ዘካሪ፡፡