ብራንዳይስ፣ ወባና የሮስ ሒሳብ

በሐደራ የሚገኘው ሰፈራችን ክፋር ብራንዳይስ በስማቸው የተሰየመላቸው አሜሪካዊው ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ እ.ኤ.አ. በ1919 የዛሬዪቱን እስራኤል ሲጎበኙ ከሁሉ አስቀድሞ ወባ መወገድ አለበት ብለው ነበር። ኋላም ለተመራማሪው ለእስራኤል ክሊግለር የፀረ ወባ ሥራ ገንዘብ ሰጡ። ሐደራ ራሷ ረግረግ አጠገብ የተቆረቆረች፣ ከመጀመሪያ ሰፋሪዎቿ ብዙዎቹን በወባ ያጣች ከተማ ናት።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ ነገሩን በቁጥር አሳይቶ ነበር። ወባን ለማጥፋት የመጨረሻዋን ትንኝ መግደል አያስፈልግም፤ አንድ ታማሚ በትንኝ አማካይነት በአማካይ ከአንድ ያነሰ ሰው እንዲያስይዝ ትንኞቹን መቀነስ ይበቃል። በኮሮና ዘመን በየዜናው የሰማነው የመተላለፍ ቁጥርም የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው።

ከኢትዮጵያ ለመጡ፣ ንዳድን ለሚያውቁ አረጋውያኖቻችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው ወባ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

የወረርሽኝ ቀመር ግን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚያድሩበትን ቤት፣ ለቅሶ የሚደርሰውን ሕዝብ፣ ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚጠጣውን ቡና ካልቆጠረ ትንበያው እኛን አይመለከትም። የጤና ሚኒስቴር ሰው ከማን ጋር እንደሚገናኝ ሲያጠና በአማርኛና በትግርኛም ይጠይቅ፤ ጠያቂዎቹንም ከሰፈሩ ወጣቶች ይመልምል። ይህ የሚሠራው ወረርሽኝ ሳይገባ፣ አሁን ነው።