ኖራው ሳይቀባ

በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ከግቢ ውጭ የሚኖረው ተማሪ ቤት ፍለጋ ይወጣል። ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከሾላ እስከ ኮተቤና ካራ ድረስ በደላላ እየተመራ ከበር ወደ በር ይዞራል። የሚታየው ክፍል ሁሉ ነጭ ነው። ኖራው ገና መድረቁ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ፀሐይ ገብታበታለች፤ ባለቤቲቱም «ንጹሕ ቤት ነው ልጄ» ይላሉ። ተማሪው ይከፍላል፤ ሳጥኑንም ያስገባል። ሐምሌ ሲመጣ ግን ያ ነጭ ግድግዳ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ እየጠቆረ ይሄዳል። ፍራሹ ይሸታል፤ የደብተሩ ጠርዝ ይሻግታል፤ ሌሊቱም በሳል ያልፋል።

እኛ የምንለው አጭር ነው። ቤት መታየት ያለበት በነሐሴ ነው እንጂ በጥቅምት አይደለም። የሚያየውም ደላላው ሳይሆን የሚኖርበት ሰው ራሱ መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም፤ ዐይንና አፍንጫ፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ቢላዋና አንድ ፌስታል ይበቃል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ነው የሚል ወንድም ቢኖር ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት የሚኖር ሰው ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ገልጿል። ስለ አገር ችግር ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከር የሚያድር ተማሪ፣ ራስጌው ስላለው ግድግዳ ሲጠየቅ «ክረምት ነው እንግዲህ» ብሎ ዝም ማለቱ ሁልጊዜ ይገርመናል።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ምድር እንመልከት። የካ ተዳፋት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ጋራ የሚነሣው ጎርፍ ወደ ቀበና ወንዝና ወደ ሌሎቹ ጅረቶች የሚወርደው በመንደሮቻችን መካከል ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1100 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ሒሳቡን እናውጣው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ቁመቱ 5፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከተቀበለ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ 400 ሊትር፣ ማለት ሁለት በርሜል ውሃ ያወርዳል። ቤቱ አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁለት በርሜል የሚወድቀው ከግድግዳው ሥር ነው። በዚያ ላይ የላይኛው ጎረቤት ጣሪያ ውሃ፣ የእርሱም የላይኛው ጎረቤት ውሃ ይጨመራል። ስለዚህ ቤት ለማየት የሄደ ሰው ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በስተኋላ ይዙር። ብዙው ቤት ተዳፋቱ ተቆርጦ የተሠራ ስለሆነ የኋላው ግድግዳ ከአፈሩ ጋር ተጣብቋል። በአፈሩና በግድግዳው መካከል ቦይ ከሌለ፣ ወይም ቦዩ በቆሻሻ ተሞልቶ ከተገኘ፣ የውስጡን ሁኔታ ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በጭቃ ቤት ላይ ይጥላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ዐፄ ምኒልክ ገና ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ በእንጦጦ ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ሆኖ በኖራ የተቀባ ነው፤ እየተጠገነ እስከ ዛሬ ቆሞ ይጎበኛል። ጭቃን የሚጥለው ዝናብ መዝነቡ ሳይሆን ውሃው ከእግሩ ሥር ተኝቶ መክረሙ ነው።

ውሃ ከመሬት ወደ ግድግዳ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ኩራዝ ያየ ሰው አይቸገርም፤ ጋዙ በክሩ ሽቅብ እንደሚሳብ ውሃውም በጭቃውና በድንጋዩ ቀዳዳ ይሳባል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ግድግዳው ከወለሉ ጀምሮ እስከ ጉልበት፣ አንዳንዴም እስከ ወገብ ድረስ ይጨልማል፤ በላይኛው ጠርዙ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ኖራው በጣት ሲነካ ይረግፋል። አዲስ ኖራ ይህን ሁሉ ለሁለትና ለሦስት ወር ይሸፍነዋል። አፍንጫን ግን አይሸፍንም፤ ክፍሉ በር ተዘግቶ ካደረ በኋላ በማለዳ ገብቶ ማሽተት ነው። ዕቃ የተጠጋበት ግድግዳ ካለ ዕቃውን ስቦ ማየት ያስፈልጋል፤ ቁም ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚቆመው በክፉው ግድግዳ ላይ ነው። የቋሚውን እግር በቢላዋ ጫፍ ወጋ ማድረግም ተገቢ ነው፤ ጤነኛ ባሕር ዛፍ ቢላዋውን ይመልሳል፤ የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ግን እንደ ዳቦ ያስገባል።

ከዚህ ይልቅ የሚያታልለው በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሲያዩት ብሎኬት ይመስላል፤ ኪራዩም የብሎኬት ነው። ሲሚንቶና ጭቃ ግን በደንብ አይያያዙም፤ ወደ ውስጥ የገባው ውሃም በልስኑ ተዘግቶ መውጫ ያጣል፤ እንጨቱ ማንም ሳያየው ከውስጥ ይበሰብሳል። ግድግዳውን በሳንቲም ቆርቆር አድርጉት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ለቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ተማሪው «ግድግዳው ውሃ ያመጣል» ይላል፤ አከራዩ ደግሞ «ትንፋሻችሁ ነው፤ ልብስ አጥባችሁ ውስጥ ታሰጣላችሁ፤ ሌሊት ሻይ ታፈላላችሁ» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ አከራዩ ትክክል ናቸው። አራት ሰው በሚያድርበት፣ መስኮቱ በማይከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሽና እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ ውሃ ይሆናሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይኖር፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በማለዳ በአልጋ ላይ የሚያንጠባጥበው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጣሪያ በሬንጅ መድፈን ገንዘብ ማባከን ነው። እንግዲህ ማን እንደተሳሳተ የሚለየው ፌስታሉ ነው። ከፌስታሉ አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ፣ በጨርቅ በተወለወለው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አጥብቆ መለጠፍና አንድ ወይም ሁለት ቀን መቆየት ነው። ጠብታው ከፌስታሉ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ ጥገናውም የቤቱ ነው። ጠብታው በፊት ለፊቱ፣ ወደ ክፍሉ በሚያየው በኩል ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮት መክፈት፣ ድስት መክደን፣ ልብስ ውጭ ማስጣት የተከራዩ ፈንታ ነው። በሁለቱም በኩል ከተገኘ ሁለቱም ይሥሩ።

የጣሪያውን ነገር ማወቅ ቀላል ነው። ቀን በርና መስኮት ዘግቶ ቀና ማለት ነው፤ እንደ ኮከብ የሚያበራው ሁሉ የምስማር ቀዳዳ ነው። ከማዳበሪያ ወይም ከአቡጀዲ የተሠራ ኮርኒስ ካለ ቡናማ ቀለበት ይታይበታል። ነገር ግን ውሃው በወራጁ ተንሸራትቶ ስለሚወድቅ ቀዳዳው ሁልጊዜ ከቀለበቱ በላይ አይደለም። ቧንቧ ያለበት ቤትም ከሆነ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ነው፤ የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። እርጥብ ክፍል ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ መተኛት መግደያ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛውንም ሰው አይቀሰቅሰውም። ከሰል ግድግዳውንም አያደርቅም፤ ውሃው ከታች እስከመጣ ድረስ ግድግዳው በማግስቱ ይረጥባል።

ቤቱን ካየን በኋላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ክረምት ነው። ከውሉ በታች «የኋላው ግድግዳ ከወለሉ ሦስት ስንዝር ድረስ እርጥበት አለው፤ አከራይ እስከዚህ ቀን ቦይ ያስወጣሉ» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ማንንም አያስቀይምም። መስመሩ ካልተጻፈ ግን በሐምሌ የሚቀረው ቃል ለቃል መካሰስ ነው።

አከራዮቻችንን እንደ ጠላት የሚያይ ተማሪ ካለ ደግሞ ጥቂት ያስብ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚያድሩት ከእኛ ግድግዳ ማዶ፣ በዚያው እርጥበት ውስጥ ነው፤ ከኪራያችን ሌላ ገቢ የሌላቸውም አሉ። በላይኛው በኩል ቦይ ለማውጣትና ከግድግዳው ሥር የተቆለለውን አፈር ለመጥረግ አራት ተማሪ፣ ሁለት ዶማና አንድ አካፋ በግማሽ ቀን ይበቃሉ። አከራዩ አሸንዳውን ይግዙ፣ እኛ ቦዩን እንቆፍር ማለት ይቻላል። ኖራውን ግን ግድግዳው እስኪደርቅ፣ እስከ ኅዳር ቢያቆዩት ይሻላል።

ማኅበራችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ የቤት መዝገብ ይከፈት። አሁን ነሐሴ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ እውነቱን የሚናገርበት ወር ነው። በየካ የሚኖር ተማሪ ሁሉ የሚለቀውንም ሆነ የሚያውቀውን ክፍል ዛሬ አይቶ ይጻፍ። ሠፈሩን፣ እርጥቡ ግድግዳ በየት በኩል እንደሆነ፣ ጥቁሩ መስመር ከወለሉ ስንት ስንዝር እንደወጣ፣ የፌስታሉን ውጤትና ያየበትን ቀን ያስፍር። የአከራይ ስም አይጻፍበት። መዝገቡ ከጳጉሜን በፊት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ፣ በመስከረም ከክፍለ ሀገር የሚመጣው አዲስ ተማሪ ደላላ ከመጥራቱ በፊት ያገላብጠዋል።