ደም ካርታ አይሆንም

ጅማም ሆነ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት፣ ቡና ቤት ገብተው ስለ ባድሜ ቢያነሡ መልሱ አንድ ነው፦ «ደም የፈሰሰበት መሬት የኛ ነው!» ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ደም ካርታ አይሆንም። ቢሆንማ ኖሮ ከ1998 እስከ 2000 በአስር ሺዎች ያለቁበት ጦርነት ክርክሩን በዘጋው ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

የአልጀርሱ ስምምነት በ2000 ሲፈረም የድንበር ኮሚሽኑ በዋናነት እንዲመራባቸው የታዘዘው ምኒልክ በፈረሟቸው የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎች ነው። «ለሕዝቡ ይበጃል» ብሎ የመወሰን ሥልጣን አልተሰጠውም። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ይሁን ብለን የፈረምነውም እኛው ነን። ውሳኔው በሚያዝያ 2002 ሲወጣ ባለሥልጣኖቻችን ባድሜ ለኛ ተፈረደች ብለው አበሰሩን። አንብበውት ይሆን? መንደሯ የት እንዳለች ውሳኔው አልጠቀሰም ነበር። በዓመቱ ሲብራራ ለኤርትራ ሆና ተገኘች።

«ስናስተዳድር የኖርነው እኛ ነን» የሚለው ክርክር ይሻላል፤ ሕጉም ይሰማዋል። ዛላምበሳ ለኢትዮጵያ የተወሰነችው በተግባር የታየው አስተዳደር ተመዝኖ ነው። ባድሜ ላይ ግን ያቀረብነው ማስረጃ አልበቃም ተባለ። ይህን ለጎማ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። በቡና መሬት ከጎረቤቱ ጋር ሲካሰስ «አያቴ ያቀናው ነው» ማለት ብቻ እንደማያዋጣ፣ የይዞታ ደብተርና የወሰን ምስክር እንደሚጠየቅ ያውቃል። ታዲያ የመንግሥት መዝገብ ቤት ምን ይሠራ ነበር?

ይበልጥ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ መንግሥታት ነፃ ሲወጡ የነበረውን ወሰን እናክብር ሲሉ እኛም ከነሱ ጋር ነበርን። ሶማሊያ በ1977 ኦጋዴንን ስትወር ይህንኑ ጋሻ አድርገን ተሟገትን። እሷም እኮ ቋንቋና ዘር ቆጥራ ነው የመጣችው! ጅጅጋ ላይ የሠራ ሕግ ባድሜ ሲደርስ «የቅኝ ገዢ ወረቀት» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

በ2018 መንግሥት ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ፤ የድንበር ድንጋይ ግን አልተተከለም። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ወሬው ወደ አሰብ ዞሯል። ወደብ ያስፈልገናል፤ የሊሙ ቡናም መርከብ የሚያገኘው ጂቡቲ ደርሶ ነው። የባሕር ሕግ ግን ባሕር ለሌለው አገር የሚሰጠው መተላለፊያ ነው፤ ያውም ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ። የ1908ቱ ውል ደግሞ ወሰኑን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አሰብ በየትኛው ወገን እንደምትወድቅ ለክቶ የሚነግረኝ ካለ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ።