መጀመሪያ ሜዳው

ለሠፈር ቴኒስ ክለብ ማሻሻያ ገንዘብ መሰብሰብን የሚቃወም ካለ እኔ አይደለሁም። የምቃወመው፣ ቶምቦላው እስኪሸጥ የልጆችን ስም እየጠሩ፣ ገንዘቡ ሲገባ ግን ሳሎንና ባንኮኒ ማስቀደምን ነው።

«ባለጸጋ ደጋፊ ያለ ማረፊያ አይመጣም» ይሉናል። ይሁን፤ እንግዲያስ ማረፊያውን ከባለጸጋው ይለምኑ! በልጆች ስም የተለቀመው ብር የሜዳው ነው። በተሰነጠቀ ሲሚንቶ ላይ ኳስ ያለ አቅጣጫዋ ትነጥራለች፤ ጀማሪው ጥፋቱ የክንዱ ይመስለውና ራኬቱን ጥሎ ይሄዳል። ቀይ አፈሩም ቢሆን ውኃ ካልተርከፈከፈበትና ካልተዳመጠ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ይህን የሚሠራው ሰው ደመወዝ በየትኛው የመዋጮ ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ ያውቃል? (ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለማ!)

እ.ኤ.አ. በ1975 ዊምብልደንን ያሸነፈው አርተር አሽ ቴኒስ የጀመረው በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ በዘር መድልዎ ዘመን ለጥቁሮች በተለየ መናፈሻ ነው። የመናፈሻው ተንከባካቢ አባቱ ነበሩ፤ ቤታቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ። ልጁ ከደጁ፣ በየዕለቱ ሰው የሚያየው ሜዳ ነበረው።

የክለቦቻችን ኮሚቴዎች ቀጣዩን ቶምቦላ ከማሳተማቸው በፊት የስንጥቁን መድፈኛ፣ የመረቡንና የሠራተኛውን የዓመት ወጪ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ።