ሰሙን አትጣሉት

ስለ ግጥም በተወያየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀድመናል፤ «መልእክቱ ምንድን ነው?» የሚል። ተማሪው በፈተና፣ ሐያሲው በመድረክ፣ አንባቢውም ከወዳጁ ጋር ሲጨዋወት ይህንኑ ይጠይቃል። ሰምና ወርቅ ሲመረመርም ልማዱ ያው ነው። ሰሙ ባንድ ዐረፍተ ነገር ተነግሮ ይታለፋል፤ ወርቁ ይፈለጋል፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ወደ ሰሙ የሚመለስ የለም። ይህ ልማድ ግጥማችንን እየጎዳው ነው ብዬ አምናለሁ። ምስክር አድርጌ የማቀርበውም ስያሜውን ያዋሰንን የእጅ ባለሙያ ነው።

አንጥረኛው አስቀድሞ የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያግለዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ስፍራም የቀለጠ ወርቅ ይፈስስበታል። ጭቃው ሲሰበር ጌጡ ብቅ ይላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ወርቅ ቀልጦ ሳለ ቅርጽ የለውም። ቅርጹን የሚቀበለው ከሰሙ ነው። በሰሙ ላይ ያልተሠራ ጥለት በወርቁ ላይ ከየትም አይመጣም፤ በሰሙ ላይ የቀረች የጣት አሻራም ወደ ወርቁ ትተላለፋለች።

የዛሬዎቹ የነሐስ ሐውልት ሠሪዎች ለሰሙ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ደግሞ ከዚህም ይልቃል። ቀራጺው ሐውልቱን በጭቃ ሠርቶ ሲጨርስ በቀጥታ ወደ ነሐስ አይሄድም። ሲሊኮን የተባለውን ጎማ ከማጠንከሪያው ጋር አዋሕዶ በብሩሽ ይቀባዋል። የመጀመሪያው ቅብ ስስ ነው፤ በዐይን ሽፋንና በልብስ እጥፋት መካከል እየገባ የገጹን ዝርዝር ይይዛል። በዚህ ቅብ ሥር አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች፣ በሚወጣው ቅጂ ሁሉ ላይ እንደ ኪንታሮት ጎልታ ትታያለች። ቅቡ ሲነኩት የሚያጣብቅ፣ ጣት ላይ ግን የማይቀር ሲሆን ሁለተኛው ይደረብበታል። ለቀጣዮቹ ቅቦች ቁልቁል እንዳይፈስሱ ማወፈሪያ ይጨመርባቸዋል። ሲሊኮን ከራሱ በቀር ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም ስለማይጣበቅ ንብብሩ አንድ አካል ይሆናል፤ ከጭቃው ግን ይላቀቃል። በፕላቲነም አማካይነት የሚጠነክረው ዓይነት ድኝ ካለበት ጭቃ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ገጹ ሳይረጋ እንዳጣበቀ ይቀራል። በመጨረሻም ጎማው ልፍስፍስ ነውና እንዳይጣመም በጄሶ ወይም በፋይበር ግላስ ጠንካራ ልባስ ይሠራለታል። ይህ ሁሉ ድካም በጎማው ውስጥ ለሚፈስሰው ሰም ነው። ነሐሱ ገና ሩቅ ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ የአሥራ አራት ዓመቷን ዳንሰኛ በሰም ሠርቶ በ1881 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳያት። በነሐስ ሳያስወጣት በ1917 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። የሰም ሥራዎቹ ወደ ነሐስ የተገለበጡት ከሞቱ በኋላ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ በዚያ ዘመን እንደ ጎማ በሚተጣጠፍ ጄላቲን ቅርጹን እየወሰዱ ሰሞቹን አተረፏቸው። ዛሬ የነሐስ ዳንሰኞቹ በብዙ ሙዚየሞች ቆመዋል፤ የዴጋ እጅ የዳሰሳት የሰሟ ልጅ ግን በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከል ትገኛለች። ከሁለቱ የትኛዋን ለማየት እንደምጓዝ ብጠየቅ አላመነታም።

«ሰም እኮ የሚሠራው ቀልጦ እንዲጠፋ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በአንጥረኛው ዘንድ እውነት ነው። በግጥም ግን ሰሙ አይቀልጥም። «ሰማችሁ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ማ» ሲጠብቅ ጆሮን ይመለከታል፤ ሲላላ የእናንተን ሰም ይመለከታል። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱን ያለሌላው ማውጣት አይቻልም። ቃሉን በሌላ ቃል ብንለውጠው ወርቁም አብሮ ይበተናል። ፍቺውን ብቻ ነግሮ ግጥሙን አስረዳሁ የሚል ሰው ጌጡን መልሶ አቅልጦ ግራሙን የነገረን ያህል ነው።

እኔ በባንክ ቤት የላስቲክ ማኅተም ስመታ የምውል ሰው ነኝ። ማኅተም «ተከፍሏል» ካለ ይበቃዋል፤ ማንም ስለ ውበቱ አይጨነቅም። ግጥምን በመልእክቱ ብቻ የሚመዝን ግጥምን ከማኅተም ጋር አንድ ያደርጋል። ወጣት ገጣሚዎቻችን የምንመዝንበትን ሚዛን አይተው ይጽፋሉ። ፍቅር ያሸንፋል፣ ሰላም ይስፈን፣ አገር ትቅደም የሚሉ ግጥሞች በየመድረኩ የበዙት ለዚህ ይመስለኛል። ሐሳቡ ወርቅ መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን የሚይዘው ሰም ያልተሠራለት ወርቅ መሬት ላይ ፈስሶ የረጋ ጉብታ ነው፤ አንገት ላይ አይታሰርም።

ስለዚህ መምህራንንም፣ ሐያስያንንም፣ እኛን ጀማሪ ገጣሚዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። «መልእክቱ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት «ሰሙ እንዴት ተሠራ?» ብለን እንጠይቅ። ቃሉ ለምን ይህ ሆነ? ስንኙ ለምን እዚህ ዐረፈ? ቤቱ ሲመታ ምን አብሮ ተሰማ? አረፋዋን ፈልገን የምናገኛት በዚህ ጊዜ ነው፤ ነሐሱ ከፈሰሰ በኋላ ማረሚያው መሮ ብቻ ነው።