ለትንሿ ውሻ የሚሰጥ ጉርሻ

በአዲስ አበባ የውሻ ኑሮ ከተቀየረ ሰነባብቷል። ድሮ ውሻ ማለት ቀን ግቢ በር ላይ ታስሮ የሚውል፣ ማታ ተፈትቶ ሌባ የሚያባርር፣ የተረፈውን በልቶ የሚያድር ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጆች ጋር ሶፋ የምትጋራ ትንሽ የፈረንጅ ውሻ በብዙ ቤት አለች። ፑድል ትሁን ማልቲዝ፣ ቺዋዋ ትሁን ከሁሉም የተዳቀለች፣ ቤተሰቡ እንደ ልጁ ይሳሳላታል። ደስ የሚል ለውጥ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ ከልክ በላይ ወፍረው ማየቴ ነው። ደረጃ መውጣት ያቃታቸው፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ደርሰው ሲመለሱ የሚያለከልኩ፣ ወገባቸው የት እንደሆነ የማይለይ ውሾች በየሄድኩበት ቤት ያጋጥሙኛል። እንግዳው ሁሉ ደግሞ «እንዴት አምሮባታል!» እያለ ያሞግሳል።

ይህን ሙገሳ አልንቀውም። ለዘመናት ከከብት ጋር በኖረ አገር የእንስሳ ውፍረት የጤና፣ የጥጋብና የደግ ጌታ ምልክት ነው። የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሰው የሚለምነውን ዓይን አይቶ ምግብ መከልከል ቢከብደው አይፈረድበትም። ለእርሻ በሬ የሚበጀው ግን አምስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ አይበጅም። በእሷ ላይ አንድ ኪሎ ተጨማሪ ስብ ማለት በ70 ኪሎ ሰው ላይ 14 ኪሎ እንደ መጫን ነው።

አንድ ጊዜ እንስሳት ክሊኒክ ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት ባልቴት ነጭ ውሻቸውን አቅፈው ገቡ። ሐኪሙ ወጣት ነው።

«እማማ፣ ቀን ቀን ምን ትበላለች?»

«ምን ትበላለች ልጄ፣ ምንም! ትንሽ ፍርፍር፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ። እኛ ስንበላ ደግሞ ዓይን ዓይናችንን እያየችን እንዴት ይዋጥልናል?»

«ማነው የሚሰጣት?»

«ሁላችንም ነና!»

ነገሩ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው። ውሻ ቁም ሳጥን ከፍታ አትበላም። አባት ከቁርሱ ይቆርስላታል፣ ልጆች ብስኩት ይጥሉላታል፣ ሠራተኛዋ ከምታበስለው ታቀምሳታለች፣ አያት ያጎርሷታል፣ የግቢው ዘበኛም ከምሳው ያካፍላታል። ማንም ብዙ አልሰጠም፤ ሁሉም የሰጠው ግን ወደ አንድ ትንሽ ሆድ ገብቷል። ስለዚህ የውሻ ክብደት መቀነስ ከሁሉ በፊት የቤተሰብ ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ እየቆጠበ ሌላው በጓሮ በር የሚሰጥ ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ልኳ አምስት ኪሎ የሆነች ውሻ ክብደት እንድትቀንስ ሲፈለግ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚነሱበት የቀን ድርሻ 235 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። 50 ግራም የፉርኖ ዳቦ 130 ያህል ይይዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ወደ 120። ቅቤ የተቀባ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቀኗን ጨረሰው ማለት ነው፤ ሥጋው፣ ብስኩቱና የራሷ ምግብ ገና አልተቆጠሩም።

ሐኪሙ እኚያን እናት አልተቆጣቸውም። አንድ ክዳን ያለው ዕቃ እንዲያዘጋጁ ነገራቸው። ጠዋት የቀኑ ምግብ በሙሉ ተመዝኖ እዚያ ይገባል። ልጅም ይሁን ዘበኛ፣ ሊሰጣት የፈለገ ሁሉ ከዚያ ዕቃ ያነሳል፤ ሲያልቅ አለቀ። ጥበቡ ያለው ማንንም ከመስጠት ባለመከልከሉ ላይ ነው። አያት ማጉረሳቸውን አይተዉም፣ የሚያጎርሱት ግን ከተመዘነው ነው። በስኒ መስፈር እንደማይበቃም አስረዳቸው። ለትንሽ ውሻ አሥር ግራም ብዙ ስለሆነ የወጥ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ነገር ከቀኑ ካሎሪ አንድ አሥረኛውን ባያልፍ ይመረጣል። ያለ ጨውና ያለ ዘይት የተቀቀለ ፎሶሊያ ወይም በትንሹ የተከተፈ ካሮት ለዚህ ይሆናል፤ ውሻዋ ከጣዕሙ ይልቅ የምትወደው ከእጅ መቀበሉን ነው።

መወፈሯን ለማወቅ የግድ ሚዛን ላይ ማውጣት አያስፈልግም። ጎኗን በጣት ዳሰስ ያድርጉት። የእጅዎ ጀርባ ላይ አጥንቱ እንደሚሰማው ሁሉ የጎድን አጥንቷ ሳይጫኑ ከተሰማ ደህና ናት፤ ተጭነው ካልፈለጉት የማይሰማ ከሆነ ግን ወፍራለች። ከላይ ሲያይዋት ወገቧ ገባ ማለት፣ ከጎን ሲያይዋት ሆዷ ወደ ኋላ ከፍ ማለት አለበት። ሐኪሞች ይህንኑ ከ1 እስከ 9 በሚደርስ መለኪያ ይሰጡታል፤ 4 እና 5 ልኩ ነው። ፀጉሯ ብዙ ከሆነ ዓይን ስለሚታለል እጅን ማመን ይሻላል።

በትንንሽ ዝርያዎች ላይ ውፍረት የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ዮርክሻየር፣ ፖሜራኒያንና ቺዋዋ የአየር ቧንቧቸው የመላላት ጠባይ አለው፤ ስብ ሲጨመርበት ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ይብሳል። የጉልበታቸው ሎሚም ከቦታው የመውጣት ዝንባሌ አለው። ረጅም ወገብና አጭር እግር ያለው ዳክስሁንድ ደግሞ የጀርባ አጥንቱ ዲስክ በቀላሉ ይጎዳል። ስለ ዕድሜም የታወቀ ጥናት አለ። የፑሪና ኩባንያ ተመራማሪዎች 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትለው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አብረው የተወለዱት ጥንድ ጥንድ ተደርገው፣ ከየጥንዱ አንደኛው ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ሲሰጠው ኖረ። በጥቂቱ የተመገቡት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በልጠው ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። ላብራዶር ትልቅ ውሻ ቢሆንም ትምህርቱ ለትንሿም ይደርሳል። አንድ ልጅ ከውሻው ጋር ሁለት ዓመት ሲጨመርለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ትራፊያችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አይቀርም። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ መብሰላቸውም መርዝነታቸውን አያጠፋውም። ዶሮ ወጥ በእንጀራ ለትንሽ ውሻ መስጠት ከማወፈሩም በላይ ደሟን ማሳጣት ነው። ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለት ወር ሽሮ ሲበላ በከረመ ቤት ጾሙ ሲፈታ የሥጋው ጮማና የተላጠው ስብ በአንድ ቀን የውሻዋ ሳህን ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ስብ የቆሽት መቆጣት ሊያመጣ ይችላል፤ ማስታወክና የሆድ ሕመም ታይቶባት የምትሞትም አለች። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት እንደሚወጋ ለልጆች በዓሉ ከመግባቱ በፊት ይነገራቸው።

መቀነሱ በችኮላ አይሁን። ደህናው ፍጥነት በሳምንት ከክብደቷ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። 6 ኪሎ ለምትመዝንና ልኳ 5 ለሆነች ውሻ ይህ በሳምንት ከ60 እስከ 120 ግራም፣ በጠቅላላው ከሁለት እስከ አራት ወር ማለት ነው። የለመደችውን ምግብ በግማሽ ቆርጦ ማስራብ ፕሮቲንና ቪታሚን ያሳጣታል፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ምግብ ካልተገኘ ምጣኔውን ሐኪም ቢያወጣው ይሻላል። ከመጀመሩ በፊትም ትመርመር። የታይሮይድ ዕጢ መድከምና አንዳንድ መድኃኒት ያወፍራሉ፤ የተኮላሸች ውሻም የምትፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። እነዚህ ሳይታወቁ ቤተሰቡን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

እግር ማፍታታቱ ላይ ከተማችን አላመቸችንም። ብዙ ሰው ትንሿን ውሻ ይዞ መውጣት የሚፈራው ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየመንደሩ ስላሉ ነው፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ግን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሃያ ደቂቃ ለመራመድ ይበቃሉ። ከመውጣት በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ የታደሰ፣ ማሰሪያዋ በእጅ የተያዘ፣ ለጽዳቷም ፌስታል የተያዘላት ትሁን። ጎረቤት ሳይሰጋና ሳይቆሽሽበት ሲቀር ነው ውሻ ይዞ መውጣት በሰፈር የሚለመደው።

ከክሊኒኮችም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የውሻውን ክብደት የሚያስቀንስ ቤተሰብ በየሁለት ሳምንቱ ማስመዘን አለበት፤ ግማሽ ኪሎ የሚስተው የሰው ሚዛን ግን ለትንሽ ውሻ አይረዳም። ሚዛኑ የመቀበያው ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ ለመመዘን ብቻ የመጣ ሰው የምርመራ ክፍያ ባይጠየቅ፣ ቁጥሩም በክትባት ደብተሯ ላይ ቀን ተጽፎበት ቢመዘገብ ወጪው ኢምንት ነው። እኚያ እናት በሁለት ሳምንታቸው ተመልሰው ሲመጡ ያለ ወረፋ መዝነው እንዲሄዱ ይህ ብቻ ይበቃል።