የጃንዋሪው ቢል ይናገር

ሂት ፓምፕ የሚሸጥ ሁሉ የማሞቂያ ቢል በእጅጉ እንደሚቀንስ ይናገራል። ቃሉ ለአንዱ ቤት እውነት፣ አጥር ለሚጋራው ጎረቤት ደግሞ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ የተገዛው ማሽን ግን አንድ ዓይነት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ቤት የገዙ ወገኖቻችን ፈርነሳቸው ወይም ኤሲያቸው ባረጀ ቁጥር ይህን ማሽን የመግዛት ወይም የመተው ውሳኔ ደጃቸው ይመጣል። በእኔ እምነት ትርፍና ኪሳራውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቤቱ እስከ ዛሬ በምን ሲሞቅ እንደነበረና ማሽኑ መቼ እንደተገዛ። የማሽኑ ስምና ሞዴል ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመነጭም፣ ያጓጉዛል። ፍሪጅ ከሆዱ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው እንደሚተፋ ሁሉ፣ ይህም ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል፤ በጋ ሲመጣ አቅጣጫውን ይገለብጥና ኤሲ ይሆናል። ማጓጓዝ ከማመንጨት ስለሚረክስ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ያህል ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይገኛል። ብርዱ ሲጠና ይህ ወደ ሁለት ይወርዳል። በግድግዳ ሥር የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን እንደ እንጀራ ምጣዳችን ነው፤ አንድ ከፍሎ አንድ ይሰጣል።

አሁን ቁጥሩን እናስላ። ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም፣ ጋዝ በቴርም 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው እንበል፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ቢል አይቶ ይተካው። አንድ ቴርም ጋዝ በጥሩ ፈርነስ ሲነድ ወደ 28 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ያንኑ ሙቀት በግድግዳ ማሞቂያ ለማግኘት 5 ዶላር፣ በሂት ፓምፕ ደግሞ 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ገደማ ይወጣል። በብርዱ ወራት 400 ቴርም የሚያህል ሙቀት የሚፈልግ ቤት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ 2,000 ዶላር ያህል፣ በሂት ፓምፕ ወደ 670፣ በጋዝ ደግሞ 600 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። የግድግዳ ማሞቂያውን የጣለው ሰው በየዓመቱ ከ1,300 ዶላር በላይ ሲተርፈው፣ ደህና የሚሠራ የጋዝ ፈርነሱን ነቅሎ የጣለው ጎረቤቱ 70 ዶላር ይከስራል። ለዚያውም የመግጠሚያውን ወጪ ሳንቆጥር።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ ይህ ነገር ብርድ ላይ አይሠራም። ለድሮዎቹ ማሽኖች ትክክል ነበር። ዛሬ ግን ከአውሮፓ ሂት ፓምፕ በብዛት የሚገኘው ብርድ በሚበረታባቸው በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ ቤቶች ነው። በአሜሪካም ከቀዝቃዛዎቹ ግዛቶች አንዷ የሆነችው ሜይን 100,000 ሂት ፓምፕ ለማስገጠም የያዘችውን ዕቅድ ከጊዜው ሁለት ዓመት ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2023 አሳክታለች። ይህ የሆነበት ምክንያት ክርክሬን ያጠናክረዋል፤ የሜይን ቤቶች አብዛኞቹ የሚሞቁት በውድ የማሞቂያ ዘይት ነበር። መብራት ሲጠፋስ የሚል አለ፤ የጋዝ ፈርነስም አየሩን የሚነፋለት ሞተር ያለ መብራት አይዞርም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የዋጋው ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከወጪው 30 በመቶ፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ከግብር ይቀንስ የነበረው ከዲሴምበር 31፣ 2025 በኋላ ለተገጠሙ ማሽኖች ቀርቷል። ማዘጋጃ ቤቶችና የኤሌክትሪክ ድርጅቶች የሚሰጡት ቅናሽ እንደየቦታው ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ዋናው መፍትሔ ግን ጊዜውን መምረጥ ነው። መግጠሚያው 14,000 ዶላር ቢሆን፣ የግድግዳ ማሞቂያ የነበረው ቤት ገንዘቡን ለመመለስ አሥር ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ የማሽኑ ዕድሜ ራሱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ስለሆነ ይህ የሚያጓጓ አይደለም። ኤሲው ሞቶ ለአዲሱ 8,000 ዶላር ሊወጣ የነበረ ከሆነ ግን የሚጨመረው 6,000 ብቻ ነው፤ እሱም በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይመለሳል። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፣ ስሌቱ ግን ለማንኛውም ቤት ይሠራል። ስለዚህ የጋዝ ፈርነስ ያለውም ሰው በሩን ሙሉ በሙሉ አይዝጋ፤ ፈርነሱና ኤሲው አብረው ካረጁ እንደገና ማስላት አለበት።

ማሽኑ ከተገጠመ በኋላም ትርፉ በቴርሞስታት በኩል ሊያመልጥ ይችላል። ብዙ ሂት ፓምፖች ውስጣቸው መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ ሲበራ ቴርሞስታቱ ላይ «ኦግዚለሪ» የሚል ይጻፋል። 10 ኪሎዋት የሆነ እንደሆነ በሰዓት 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይበላል። ማታ ሙቀቱን በጣም ዝቅ አድርጎ ጠዋት በአንድ ጊዜ ከፍ ማድረግ፣ ለጋዝ ቤት ጥሩ ቁጠባ የነበረ ልማድ፣ እዚህ ይህን መጠባበቂያ ይቀሰቅሰዋል። መጠባበቂያውን ብቻ የሚያሠራውን «ኤመርጀንሲ ሂት» ሳያውቁ ነክተው ወሩን ሙሉ በምጣድ ሲሞቁ የሚከርሙም አይጠፉም፤ ከዚያ ማሽኑ ይሰደባል።

ውል ከመፈረምዎ በፊት እንግዲህ ያለፈውን የጃንዋሪ ቢል አውጥተው ያስቀምጡ። ኮንትራክተሩ የቤትዎን ስፋት፣ መስኮትና ጣሪያ ለክቶ «ማንዋል ጄ» የሚባለውን ስሌት ሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁት። የአሮጌውን ማሽን ቁጥር ብቻ አይቶ ዋጋ የጻፈልዎት ከሆነ፣ ሌላ ኮንትራክተር ይጥሩ።